የእትዬ በላይነሽን መጽሐፍ ፍለጋ ዘጌ ድረስ

ጣናን ሳያዩ የሚሞቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከነሱ አንዷ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ። እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ ውሃ ማለት ለእኔ ከቀበሌው ቦኖ ተሰልፌ በባልዲ የምቀዳው ነገር ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ አገር አዋቂ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ሄዳ እንደ ተመለሰች የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። እንጀራዬ የሰው ጽሑፍ ስሕተት መልቀም ስለሆነ፣ በጉዞውም ላይ ዓይኔ ከሞላው ይልቅ ወደ ጎደለው ሲሮጥ ብታገኙት ይቅር በሉኝ።

የሄድኩበት ጉዳይ የአክስቴ ነው። እትዬ በላይነሽ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቴ ስትሞት አንስተው ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጣና ዳር፣ ዘጌ ለሚኖሩ አንድ ቁም ጸሐፊ፣ ማለትም በብራና ላይ በእጃቸው መጽሐፍ ለሚጽፉ ሰው፣ አንድ የጸሎት መጽሐፍ አዝዘው ነበር። ትእዛዙን ያደረሰው ዘመዳችን ሞተ፤ አብዮቱ መጣ፤ ሁሉም በየራሱ ጭንቅ ተያዘና መጽሐፉ እዚያው ቀረ። እኔ አርባ ዓመት በሞላኝ ዓመት ግን የእትዬ ዓይን ይደክም ጀመር። ሐኪሙ ሞራ ነው አላቸው። አንድ ቀን ጠዋት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቢያቅታቸው ክሩን ወዲያ ጣሉና "ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ያንን መጽሐፍ ባየው ምን ነበረበት" አሉ። እትዬ ሰው አያዙም፤ "ምን ነበረበት" ካሉ ግን ትእዛዝ ነው። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቅኩ።

የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የጉዞው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "መጽሐፍ ለማምጣት" ብዬ ጽፌ ነበር። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አቁሞ "ምን ዓይነት መጽሐፍ?" አለኝ። የጸሎት ብል ፊቱ ሊጠቁር ነው፤ ሌላ ዓይነት ብል የባሰ ነው። "የቆየ" አልኩት። ትንሽ አሰበና ሰርዞ "ዘመድ ጥየቃ" ብሎ አስተካከለው። ሰው አርሞኝ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ቲኬት አስቀድሜ ቆርጬ ስለነበር ወንበሬ የታወቀ መስሎኝ ነበር፤ ገብቼ ሳይ አንድ ሰውዬ ተመቻችቶ ተቀምጦበታል። ቁጥሩን ባሳየው "ቁጥሩስ ልክ ነው እህቴ፤ እኔ ግን ቀድሜ ተቀመጥኩ" አለኝ። ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሰው ጋር መከራከር አልቻልኩም። ረዳቱ ከሾፌሩ አጠገብ በሞተሩ ሽፋን ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈልኝና እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ እንደ ድስት ተጥጄ ሄድኩ።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። እኔ ከእንጦጦ ሌላ ቁልቁለት አላውቅም፤ የእንጦጦው ከዚህ ጋር ሲተያይ የቤት ደረጃ ነው። ሾፌሩ ዝም ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። ከሦስተኛው መታጠፊያ በኋላ መስኮት አስከፈትኩ፤ ዝርዝሩን ልተወው። ወንበሬን የወሰደው ሰውዬ ከኪሱ ሎሚ አውጥቶ ቆረጠልኝ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ደግሞ "በይ አሁን ነይ፤ እኔም ልሙቅ" ብሎ ቦታዬን መለሰልኝ። ደጀን ላይ ሻይ ጋበዘኝ። ቂም የመያዝ ዕድሉን እንዲህ አድርጎ ነጠቀኝ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። የአልጋው አንሶላ ንጹሕ ነበር፤ ትኋኖቹ ግን የቤቱ የቆዩ ደንበኞች ናቸው። ጠዋት የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ፊቴን አይተው በጣም አዘኑና ለመንገድ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ዳቦውን ስፈታ ጋዜጣው የእኛው ማተሚያ ቤት ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ስሕተት አገኘሁበት። ዳቦው ግን እንከን የለውም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በጎጃም ሜዳ ላይ ሄድን። ጥቅምት ነበርና ማሳው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ነው። አዲስ አበባ አንድ ኪሎ ጤፍ ፍለጋ ስንንከራተት፣ እዚህ አገር ምድሩ ሁሉ ጤፍ መሆኑ ትንሽ አናደደኝ። ከዱርቤቴ አለፍ ብሎ ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ለቁም ጸሐፊው ስጦታ ይሆን ብዬ ከወር ራሽናችን ያጠራቀምኩትን ሁለት ኪሎ ስኳር ፈታሹ ከሻንጣዬ አወጣው።

"ይህ ሁሉ ስኳር የት ይሄዳል?"

"ዘመድ ልጠይቅበት ነው።"

"ዘመድሽ ንብ ነው?"

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ ፈታሹም በገዛ ቀልዱ ስለተደሰተ ስኳሩን መልሶ ሰጠኝ።

ባሕር ዳር የተቀበለችኝ ፋጡማ ናት። የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ሚስት ስትሆን የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ትሠራለች። ከማሽኑ ድምፅ ጋር መኖር ስለለመደች ቤትም ውስጥ የምታወራው ወዲያ ማዶ ላለ ሰው ነው። የመጣችው በብስክሌት ነበር። እኔ በእግር የምንሄድ መስሎኝ ሻንጣዬን ሳነሳ "ተቀመጪ" አለችኝ፤ ከኋላ ያለውን ብረት እያሳየች። አዲስ አበባ ትልቅ ሴት በብስክሌት ኋላ ተቀምጣ ብትታይ ሰፈር ይወጣል። ባሕር ዳር ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ዘንባባ በተተከለበት ቀጥ ያለ መንገድ ሄድን፤ አንድ ፍየል አደናቀፈንና አንድ ጊዜ ብቻ ወደቅን።

ሐይቁን ያየሁት በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ሰማዩና ውሃው የት ላይ እንደሚለያዩ ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። በጣም ደስ አለኝ፤ ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። ያን ቀን ግን የምነግራችሁ ትልቁ ነገር የዓሣው ጉዳይ ነው። ፋጡማ ከሥራ በፊት ገበያ ሄዳ ትልቅ ዓሣ አምጥታ ጠበሰችልኝ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ ፋጡማ፤ ጾም ነው።"

"ዓሣ ነው፤ ከውሃ ነው የወጣው። ከበረት መጣ አላልኩሽም።"

"እኛ ሰፈር በጾም አይበላም።"

"እናንተ ሰፈር መጀመሪያ ዓሣ አለ?"

እኔ ሽሮዬን በላሁ፤ ዓሣው ከፊቴ ተጋድሞ ሲያየኝ ዋለ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ፣ ጀልባ ላይ ከመሳፈሬ በፊት፣ ቀዝቅዞም ቢሆን ጨረስኩት። ፋጡማ በሩን ተደግፋ እስክጨርስ አየችኝ።

ወደ ዘጌ የወሰደን የቡና ነጋዴዎች የሞተር ጀልባ ነው። መንገድ ላይ ዕቃ ለማውረድ ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ገዳም ባለበት አንድ ደሴት ጠረፍ ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ተሳለሙ፤ እኔ ከሦስት ሴቶች ጋር ጀልባው ላይ ቀረሁ። የመጣሁት ለመጽሐፍ ነውና ደጃፉ ድረስ ደርሼ የጥንቱን ሳላይ ልመለስ መሆኑ አበሳጨኝ፤ ለጀልባ ነጂውም ሳላጉረመርም አልቀረሁም። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከዛፉ ሥር ሆነው ሰምተውኝ ኖሯል። ወደ ላይ ወጡና ከብዙ ቆይታ በኋላ በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ መጽሐፍ ታቅፈው ወረዱ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ቆመው፣ እኔ ጀልባው ውስጥ ተንበርክኬ፣ በመካከላችን አንድ ክንድ የሚሆን ውሃ እያለ ገጽ በገጽ ገለጡልኝ። ጥቁሩ ቀለም ትናንት የተጻፈ ይመስላል። እኛ ማተሚያ ቤት የምናወጣው ወረቀት በሁለት ክረምት ይወይባል። "ስንት ዘመን ሆነው አባ?" ብላቸው "ለመጽሐፉ ነው ወይስ ለእኔ?" አሉና ሳቁ። ነጂው እንዳይቸኩል ብለው ለእሱም አንድ እፍኝ ቆሎ ይዘውለት ነበር።

ዘጌ ስንደርስ ከጀልባው ወደ ድንጋዩ ስዘል አንድ እግር ጫማዬ ጣና ውስጥ ገባ። አንድ ሰው በመቅዘፊያ ፈለገልኝ፤ ሌላው ልብሱን አውልቆ ሊገባ ሲል እኔው ከለከልኩት። በባዶ እግሬ፣ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር፣ ጠባቧን መንገድ ይዤ ወጣሁ። ዘጌ በሬ አይጠመድም፤ መሬት አይታረስም። ሰዉ በቡናና በጌሾ ይኖራል፤ እህሉን ከማዶ ገዝቶ ያመጣል። አዲስ አበባን ነው የምትመስለው አልኩ በልቤ፤ ልዩነቱ እዚህ ሰልፍ አለመኖሩ ነው።

ቁም ጸሐፊው መሪጌታ ጥሩነህ ይባላሉ። አጭር፣ ጢማቸው የሸበተ፣ የመነጽራቸው አንድ ጎን በክር የታሰረ ሰው ናቸው። የማን ዘመድ እንደሆንኩ ስነግራቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ። "መጣችሁ" አሉ በመጨረሻ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ከፊቴ በፊት እግሬን አይተው "ኧረ እናቴ፣ ጣና ቀረጠሽ?" አሉና የራሳቸውን በረባሶ፣ ያንን ከመኪና ጎማ የሚሠራውን ጫማ፣ አመጡልኝ። ስኳሩን ስሰጣቸው አንዷን ፍሬ ምላሳቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀሪውን ለበዓል ብለው ሰቀሉት።

ዓርብ ጠዋት ወደ መጻፊያቸው ጎጆ ስንሄድ ከዛፍ ሥር ኩታውን ተከናንቦ የተቀመጠ ጎልማሳ አገኘንና "እንደምን አደሩ" አልኩት። አልመለሰልኝም። ደግሜ አልኩት። ወይ ፍንክች። አዲስ አበባ ቢሆን ወይ ሰክሯል ወይ ተጣልተናል ማለት ነው። መሪጌታ ክንዴን ይዘው "ተይው፤ ቅኔ እየቆጠረ ነው" አሉኝ። ለካ ቅኔ የሚያወጣ ተማሪ ቃሉ እንዳይበተንበት ከሰው አይነጋገርም፤ ሰውም አይቀየመውም። እኔም ስሕተት ሳርም ሰው እንዳያናግረኝ ይህን ሥርዓት ማተሚያ ቤታችን ባስገባው ብዬ ተመኘሁ።

ጎጆዋ ውስጥ የተወጠረ የፍየል ቆዳ አለ፤ በቀንድ ውስጥ ሁለት ቀለም አለ። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ተቀምሞ ለወራት ሲብላላ የቆየ ነው። መሪጌታ ከመደቡ ላይ የቆዳ ማኅደር አንስተው ከውስጡ መጽሐፉን አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ይኸውልሽ። አልቋል፤ አላለቀምም።"

ገለጥኩት። በዕድሜዬ ያን የመሰለ እጅ አላየሁም፤ ፊደሉ በወታደር ሰልፍ ሳይሆን በማኅሌት ሰልፍ ነው የቆመው። የቅዱሳኑ ስሞች ሁሉ በቀይ ተጽፈዋል። በየጸሎቱ ማብቂያ ላይ ግን "አገልጋይህን" ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። አገላበጥኩት፤ ሃያ ሦስት ቦታ ላይ ባዶ ነው።

"ይህ ምንድን ነው መሪጌታ?"

"የባለቤቲቱ ስም ነዋ። ጥቁሩን አስቀድመን እንጽፋለን፤ ለቀዩ ቦታ እየተውን እንሄዳለን። ያ ዘመዳችሁ በላይነሽ ብሎ ነገረኝ። በላይነሽ የዓለም ስም ነው ልጄ፤ በጸሎት በክርስትና ስም ነው የሚቆሙ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ አጣሁ። ይኸው ጠበቅሁ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት?"

"ሌላ ምን ላድርግ ኖሯል?" አሉና ብርዓቸውን አነሡ። "በይ እንግዲህ። የክርስትና ስማቸው ማነው?"

የእትዬን የጫማ ቁጥር አውቃለሁ። የትኛው ጉልበታቸው በክረምት እንደሚነዝራቸው፣ ከየትኛው ጎረቤት ጋር ለምን እንደተኳረፉ አውቃለሁ። የክርስትና ስማቸውን ግን አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሲቆርቡ ብቻ ለቄሱ ጆሮ የሚነገር ስም ነው፤ መተት ይደረግበታል እየተባለ ይደበቃል፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

"አሳደጉኝ አላልሽም?" አሉ መሪጌታ።

"ተዉዋት እንጂ" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ ከበሩ ላይ። "አንቱስ የእኔን ያወቁት ስንቆርብ አይደለም?"

ባዶውን ትተው እንዲሰጡኝና አዲስ አበባ እንዳስጽፈው ብለምናቸው፣ ብራናውን ቀቅለን እንብላው ያልኩ ያህል ደነገጡ። "በእኔ መጽሐፍ ላይ ሌላ እጅ? እሱማ አይሆንም።" ሥራቸውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል እድሜዬን ስላሳለፍኩ አልተከራከርኳቸውም። የነበረው ምርጫ አንድ ነው፤ በማግስቱ የቅዳሜ ገበያተኛውን ጀልባ ይዤ ባሕር ዳር መመለስ፣ ለእትዬ ስልክ መደወል፣ ስሙን ይዤ መምጣት። ካልሆነ መጽሐፉ እዚያው ይቆያል፤ የእትዬ ዓይን ደግሞ ሌላ ጉዞ አይጠብቅም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቼ ስለተቀመጥኩ መጽሐፉን ማንበብ ጀመርኩ። ልጅ ሳለሁ እትዬ ቄስ ትምህርት ቤት አስገብተውኝ ነበርና ግእዝ ማንበቡን አልረሳሁም። አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ዓይኔ ቆመ። ተመለስኩ፤ ደግሜ አየሁ። እንዳልናገር እንግድነቴ፣ እንዳልተው ሥራዬ ያዘኝ።

"መሪጌታ፣ ይህች መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋለች።"

"የት?" መነጽራቸውን ወለወሉ፤ አዩ፤ መስኮቱ ዘንድ ወስደው ደግመው አዩ። "ይህን ሦስት መነኮሳት አይተውታል" አሉ ዝግ ብለው። ከዚያ ቢላዋቸውን አንሥተው መስመሯን ፋቁና በቦታዋ ላይ ቀይና ጥቁር የሐረግ ጌጥ ሣሉበት። ስሕተቱ ከገጹ ሁሉ ያማረ ቦታ ሆነ።

"ሥራሽ ምንድን ነው ያልሽኝ?"

"ማተሚያ ቤት፤ አራሚ ነኝ።"

"ስሕተት ስታገኚ ደመወዝ ይሰጡሻል?"

"ይሰጡኛል።"

"እኛ ዘንድ የመምህሩን ስሕተት ያገኘ ተማሪ መጀመሪያ ይገሠጻል፤ ኋላ ይመረቃል። አንቺን እንግዳ ነሽና መርቄ ጀመርሁ።"

ቅዳሜ በጠዋቱ ከቡናና ከሎሚ ጆንያ መካከል ተቀምጬ፣ በረባሶዬን እንደተጫማሁ ባሕር ዳር ገባሁ። ስልክ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። እትዬ ቤት ስልክ የለም፤ የሰፈራችን ፋርማሲ ግን አለው። መጀመሪያ ፋርማሲው ዘንድ ተደውሎ እትዬ እንዲጠሩ ተነገረ፤ ከዚያ ሁለተኛው ጥሪ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ጀልባው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ይሮጣል። በመጨረሻ ተራ ቁጥሬ ተጠርቶ ወደ ስልክ ማውሪያዋ ሳጥን ገባሁ። የሳጥኗ በር አይዘጋም፤ መስመሩም ስለሚንሿሿ ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው የሚነጋገረው። አዳራሹ የሁሉንም ቤት ምሥጢር ያውቃል።

"እትዬ፣ መጽሐፉ ተጽፏል፤ ግን ስም ቀርቶታል። የክርስትና ስምዎ ማነው?"

"የማን?"

"የእርስዎ፤ የክርስትና ስምዎ።"

"አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? የክርስትና ስሜን በሽቦ ላይ ላሰጣው? ስንቱ ጆሮውን ተክሎ እየሰማ?"

ከሳጥኗ ደጅ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት፣ የእኔን ጩኸት ብቻ ሰምተው፣ "እንዴት በስልክ ትጠይቃለች" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስም ከሌለው አይሰጡኝም እትዬ።"

"ሰውየው ልክ ናቸው።"

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ድምፃቸው ሲመለስ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግን በሚያስገርም ሁኔታ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

"የዳንኤልን ጻፉበት" አሉ።

ዳንኤል አንድ ልጃቸው ነው፤ አብሮኝ ያደገ ወንድሜ ማለት ነው። በዚያ የመከራ ጊዜ ከሥራ ሲወጣ ይዘውት ሄዱ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ መገደሉን ሰማን። ሬሳ አልተሰጠንም፤ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ማልቀስም አይፈቀድም ነበር። እትዬ ጥቁር አልለበሱም። ከዚያ ወዲያ ስሙ በቤታችን በሹክሹክታ እንኳ ተጠርቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ከአፋቸው ሰማሁት። ይህን ያኔ በማስታወሻ ደብተሬ አልጻፍኩትም፤ ለቅዳሜ የጻፍኩት "ስልክ ደወልኩ" የሚል ብቻ ነው። አሁን ያ ዘመን ስላለፈ እጽፈዋለሁ።

"ክርስትናው ተክለ ማርያም ነው" አሉ። "እሱን እንግዲህ ማን ይጎዳዋል። ሰምተሻል? እስቲ በይው።"

"ተክለ ማርያም።"

"አይሰማኝም። ጮክ በይ።"

"ተክለ ማርያም።"

"አሁንም።"

ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወዲያው አንዲት ወፍራም እናት ከወንበሯ ብድግ ብላ "ወንድ ወለደች? እንኳን ማርያም ማረቻት" አለች። ለካ በስልክ የክርስትና ስም ስጮህ ሲሰሙ የልደት ብሥራት መስሏቸዋል። እኔ እንባዬ ሲወርድ ደግሞ የደስታ ነው አሉ። እሷ እልልታውን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት፤ እኒያ አዛውንት እንኳ አጨበጨቡ።

"ምንድን ነው የሚሰማኝ?" አሉ እትዬ።

"እልልታ ነው።"

"ለማን?"

"ለተክለ ማርያም ነው እትዬ።"

ከዚያ በኋላ መስመሩ ጠፋ፤ እሳቸው ይዝጉት፣ ሽቦው ይቆረጥ አላወቅኩም።

ወደብ ስደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ጀልባው ግን ቆሟል። ከእኔ ጋር በጠዋት የመጡት የዘጌ ሴቶች "የመሪጌታ እንግዳ ሳትመጣ አንሳፈርም" ብለው ነጂውን ይዘውታል። ነጂው ተቆጥቶ አፉን ሊከፍት ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። የከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ ጣና ሲያንገላታን፣ ሴቶቹ እኔን መሐል አስቀምጠው ሎሚ እያስሸተቱ አደረሱኝ።

እሑድ ብርዕ አይነሣም። ቅዳሴ ሰማን፤ ወይዘሮ አትጠገብ የዓሣ ወጥ ሠሩ፤ ጠላ ጠጣን። መሪጌታ ስሙን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"በሕይወት አለ?"

"የለም።"

"በፍትሐት ተፈትቷል?"

"አልተፈታም መሪጌታ።"

"እንግዲያማ ብዙ እፍቃለሁ" አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጸሎቱ ሁሉ የተጻፈው በሕይወት ላለች ሴት፣ ጠብቃት እያለ ነው። አሁን ወንድ ሊሆን፣ ነፍሱን ማርልኝ ሊል ነው። ሰኞና ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ጥቁሩን በቢላዋ እየፋቁ አደሱት፤ ቀዩን ስም በየባዶው አስገቡት። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እያንዳንዱን አነበብኩ። አንድም ስሕተት አላገኘሁም። የድካማቸውን ዋጋ ስጠይቅ "እሱን እሳቸው ያኔ ጨርሰዋል" ብለው ማኅደሩን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። በረባሶውንም ወይዘሮ አትጠገብ አልቀበልም አሉ።

ረቡዕ ወደ ባሕር ዳር፣ ሐሙስና ዓርብ በአውቶቡስ ወደ ቤት። ፋጡማ ስንሰነባበት የተጠበሰ ዓሣ ቋጥራልኝ "ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አረጋግጫለሁ" አለችኝ። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ብራናውን ሲያይ ቅርስ ሰርቃለች ብሎ ተቆጣ። ከዘጌ ገበሬ ማኅበር የተጻፈልኝን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠሁት፤ እሱ ግን ከወረቀቱ ይልቅ አፍንጫውን አመነ። ገጹን አሸተተና "ይህ እንኳ ገና ፍየል ነው" ብሎ መለሰልኝ።

ቤት የደረስኩት ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እትዬ እንደምን ገባሽ እንኳ ሳይሉ መጽሐፉን ተቀብለው መስኮቱ ዘንድ ተቀመጡ። ገለጡት፤ አስጠጉት፤ አራቁት። "ጥቁሩ ጉም ነው" አሉ። ይህን ሁሉ መንገድ ሄጄ የዘገየሁ መሰለኝ። ቀጥለው ግን ጣታቸውን ገጹ ላይ እያንሸራተቱ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ አቆሙት።

"ቀዩ ይታየኛል" አሉ። "ይኸው፤ እዚህ አለ።"

ቅጠሉን ገለጡ። "እዚህም አለ።"

የቅዱሳኑን ስም በጣታቸው እያለፉ፣ የእሱን እየለዩ ሄዱ። ሃያ ሦስቱንም አገኙት፤ እኔ አንዱንም አላሳየኋቸውም። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ከድነው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና፣ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።

ጎረቤት ሰምቶ ተንጋግቶ ገባ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስትም መጡ። "ማን ሞተባችሁ?" አሉ። "ተክለ ማርያም" አልኳቸው። በሰፈራችን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና እትዬን ከብበው ተቀመጡ። ማንነቱን አንዳቸውም አልጠየቁም።